የዕረፍቱ ደወል ለማን ይደወላል?

ስለ አካል ጉዳተኛ ልጆች ትምህርት ስንወያይ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ስለ ክፍሉ፣ ስለ መጽሐፉና ስለ መምህሩ ነው። የዕረፍት ደወል ተደውሎ ልጆች ወደ ሜዳ ሲፈሱ ግን በክራንች የሚሄደው ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚቀመጠው ልጅ የት እንደሚውል የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ብዙ ጊዜ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የጓደኞቹን ደብተርና ሹራብ ይጠብቃል።

ይህ የርኅራኄ ሳይሆን የመብት ጉዳይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 የተቀበለው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ30ኛው አንቀጽ፣ እነዚህ ልጆች በትምህርት ቤት የሚደረገውን ጨምሮ በጨዋታ ሁሉ ከሌሎች እኩል እንዲሳተፉ ያዛል። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃዋለች። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ደነገገ። ይሁን እንጂ መንገዱ ልጁን ከክፍሉ በር አድርሶ ከሜዳው ካላገናኘው፣ ትምህርት ቤቱ የተከፈተለት በግማሽ ነው። ተራ መጠበቅን፣ መከራከርን፣ መሸነፍንና ወዳጅ ማፍራትን ልጅ የሚማረው በሜዳ ነውና።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አንደኛ፤ መንገዱ ይቅደም። ውድ መጫወቻ ተገዝቶ የሚያደርስ መንገድ ከሌለ ድካሙ ከንቱ ነው። አሸዋና ልቅ ጠጠር ጎማ ይውጣል፤ ክራንችም ያንሸራትታል። ስለዚህ ከክፍል እስከ ሜዳ፣ ከሜዳ እስከ ውኃ ቧንቧና መጸዳጃ ቤት፣ ተደልድሎ በደንብ የተጠቀጠቀ መንገድ ያስፈልጋል፤ የክረምት ጎርፍ እንዳይሸረሽረውም ቦይ ይውጣለት። ስፋቱ ከ90 ሳንቲ ሜትር አይነስ፤ ወንበሩ በሚዞርበት ቦታ 150 ሳንቲ ሜትር ይሁን።

ሁለተኛ፤ ደረጃ ባለበት ሁሉ መወጣጫ ይሠራ። በብዙ አገር የሚሠራበት ልክ አንድ ለ12 ነው፤ ይኸውም 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላለው ደረጃ 180 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው መወጣጫ ማለት ነው። ካጠረ ቀጥ ይላል፤ ልጁም ገፊ ይፈልጋል።

ሦስተኛ፤ ጨዋታው ራሱ ይታሰብበት። ገበጣ ከመሬት ይልቅ ጉልበት በሚያስገባ ጠረጴዛ ላይ ቢቀረጽ፣ በወንበር ያለው ልጅ ተጋጣሚ ይሆናል። የጨርቅ ኳስ በፌስታል ቢጠቀለል፣ እየተንኮሻኮሸ ማየት ለተሳነው ልጅ አቅጣጫውን ይነግረዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች እ.ኤ.አ. በ1946 የተፈጠረው ጎልቦልም ዛሬ የሚጫወቱት ቃጭል ባለበት ኳስ ነው። ፊሽካ ለማይሰማ ልጅ ደግሞ ዳኛው ጨርቅ ያውለብልብ።

ከሁሉ በላይ ግን «የአካል ጉዳተኞች ቦታ» ተብሎ ለብቻው የሚታጠር ሜዳ እንዳይሠራ እንጠንቀቅ። ለብቻው እንዲጫወት የተደረገ ልጅ በረንዳው ተለወጠለት እንጂ ከበረንዳው አልወረደም።

ከመካከላችን ነገ መሐንዲስና ርዕሰ መምህር የሚሆኑ አሉ። እስከዚያው ግን ለክረምት ዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ፣ ሜትር ይዘን ወደተማርንበት ትምህርት ቤት እንሂድ። ከክፍል እስከ ሜዳ ያለውን ለክተን ለወላጅ መምህር ኅብረት እናቅርብ። ከመለካታችንም በፊት ልጆቹን እንጠይቅ፤ የቱ ጋ እንደሚቸገሩ ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም።