“ሲ” ሲሞላ

እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአንድ ቤተ ሙከራ ዲስክ ሞላ። መጠኑ 80 ሜጋባይት ነበር፤ ዛሬ በስልክ የተቀረጸ የግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ ሊሞላው ይችላል። ዲስኩን 14 ሰዎች በጋራ ይጠቀሙበት ስለነበር ቦታውን ማን በምን እንደያዘው ማወቅ አስቸገረ። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ፕሮፌሰር ቤን ሽናይደርማን ፋይል ወደ ማጥፋት አልሄዱም፤ ዲስኩ በሙሉ በአንድ ጊዜ የሚታይበትን መንገድ መፈለግ ጀመሩ። መላው ስክሪን በብዙ ባለ አራት ማዕዘን ቅርጾች ይከፋፈላል፣ እያንዳንዱ ፋይልም በክብደቱ ልክ ሰፊ ወይም ጠባብ ቅርጽ ይደርሰዋል። ብዙ ቦታ የያዘው የትኛው እንደሆነ ሳይቆጠር በዓይን ይለያል። ዘዴው ትሪማፕ ተባለ።

ዛሬ ዊንዲርስታት እና ዊዝትሪ የተባሉት ፕሮግራሞች ይህንኑ ስዕል በማንኛውም የዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ያሳያሉ፤ ለግል ጥቅም ክፍያ አይጠይቁም። ፕሮግራም መጫን ያልፈለገ ሰው ደግሞ በዊንዶውስ 10 እና 11 ሴቲንግስን ከፍቶ፣ ሲስተም ከሚለው ስር ስቶሬጅ የሚለውን ቢነካ ቦታው በምን በምን እንደተያዘ በየፈርጁ ተዘርዝሮ ያገኘዋል።

ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ባዶው ቦታ ከ10 በመቶ ሲያንስ ዊንዶውስ “ሲ” የሚባለውን የዋናውን ዲስክ መስመር ቀይ ያደርገዋል። ያን ቀይ ያየ ሰው ይደነግጥና ዓይኑ ያረፈበትን ሁሉ ማጥፋት ይጀምራል። ዓይን የሚያርፈው ደግሞ ዴስክቶፕ ላይ ነው፦ ሲቪ፣ የድሮ ማመልከቻ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የዕድሩ ሒሳብ። መቶ ፋይል ጠፍቶ መስመሩ እዚያው ቀይ እንደሆነ ይቆያል።

ምክንያቱን ለማየት ትንሽ ስሌት ይበቃል። አንድ የኢትዮጵያ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ ሲቀመጥ 3 ባይት ይወስዳል፤ አንድ የላቲን ፊደል የሚወስደው 1 ባይት ነው። እንዲያም ሆኖ በየገጹ 1,500 ፊደል ያለው ባለ 300 ገጽ የአማርኛ መጽሐፍ፣ ጽሑፉ ብቻ ሲታሰብ፣ ከ1.35 ሜጋባይት አይበልጥም። በአንጻሩ አንድ አይፎን በ4ኬ ጥራት፣ በሰከንድ 30 ምስል ሲቀርጽ፣ የደቂቃው ቪዲዮ 170 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ከ120 መጻሕፍት የበለጠ ቦታ ያዘ ማለት ነው! በዚሁ ጥራት የተቀረጸ የአንድ ሰዓት ሰርግ 10 ጊጋባይት ይደርሳል። እናም ቦታ የቸገረው ሰው የደከመበትን ጽሑፍ ቢያጠፋ የሚያተርፈው ከምንም የማይቆጠር ነው፤ የሚያጣው ግን ተመልሶ የማይገኝ ሥራ ነው። ከማጥፋት በፊት ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥርጣሬ ማንሳት ይገባል። ባለ 256 ጊጋ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ኮምፒውተሩን ከፍቶ 238 የሚል ቁጥር ሲያይ ተታለልኩ ይላል። አልተታለለም። የዲስክ አምራቾች አንዱን ጊጋባይት 1,000,000,000 ባይት ብለው ይቆጥራሉ፤ ዊንዶውስ ደግሞ 1,073,741,824 ባይት ብሎ። ዲስኩ ያው ነው፣ የተለያየው መስፈሪያው ነው።

በብዙ ኢትዮጵያውያን ኮምፒውተር ላይ ቀድሞ መታየት ያለበት ቴሌግራም ነው። የትምህርት ቤት ፈተናው፣ ስብከቱ፣ መዝሙሩ፣ ድራማው፣ ስካን የተደረገው መጽሐፍ ሁሉ የሚመጣው በእሱ ነው፤ አንዱ ፋይል ብቻውን እስከ 4 ጊጋባይት ሊደርስ ይችላል። ቦታ የሚይዘውም በሁለት በኩል ነው። ተጠቃሚው ራሱ ያወረደው ዳውንሎድስ ውስጥ፣ ቴሌግራም ዴስክቶፕ በሚባል ፎልደር ይጠራቀማል። ሁለተኛው ስውር ነው፦ በቻናሎችና በግሩፖች ሲያልፉ የታዩ ፎቶዎችና ቪዲዮዎች ተጠቃሚው “አውርድ” ሳይል ፕሮግራሙ ለራሱ መገልገያ ያስቀምጣቸዋል። አንድ ቪዲዮ በሁለቱም ቦታ ሊገኝ ይችላል፤ ለሁለተኛ ጊዜ ሲወርድ ደግሞ ከስሙ ጎን ቁጥር ተጨምሮበት ሦስተኛ ቅጂ ይሆናል።

ስውሩን ለማጽዳት በቴሌግራም ሴቲንግስ ውስጥ አድቫንስድ ገብቶ “ማኔጅ ሎካል ስቶሬጅ” የሚለውን መክፈት ነው። እዚያው ላይ ከዚህ መጠን አትለፍ ብሎ ገደብ ማስቀመጥም ይቻላል። መልእክቶቹ አይጠፉም፤ በቴሌግራም ሰርቨር ላይ ስላሉ ሲፈለጉ እንደገና ይወርዳሉ። ይህ የሚሠራው ግን ቻናሉ እስካለና ባለቤቱ ፋይሉን እስካልሰረዘው ድረስ ነው። የእናት ድምፅ ያለበትን፣ የልጅ ልደት ቪዲዮን፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተላከን ሰነድ በሌላ ሰው ቻናል ላይ አምኖ መተው አይገባም። ከዚያው ከአድቫንስድ ላይ በግሩፕና በቻናል የሚመጣው ሁሉ በራሱ እንዳይወርድ መዝጋት ደግሞ ለዲስኩም ለኢንተርኔት ፓኬጁም እፎይታ ነው።

ቀጥሎ የዊንዶውስ የራሱ ጓዝ አለ። ስቶሬጅ ውስጥ ቴምፖራሪ ፋይልስ የሚለው ሲከፈት ያለ ስጋት ሊወገዱ የሚችሉ ነገሮች ተዘርዝረው ይመጣሉ። ሁለቱ ግን ቆም ብሎ ማሰብን ይጠይቃሉ። አንደኛው ዳውንሎድስ ነው፤ በዝርዝሩ ላይ እንደማንኛውም ትርፍ ነገር ተቀምጦ ይታያል፣ ምልክት ካደረጉበት ግን ውስጡ ያለው ሁሉ ይሄዳል። ከባንክ የወረደ ሰነድም ሆነ የፓስፖርት ቅጂ አይለይም።

ሁለተኛው “የቀድሞው ዊንዶውስ” የሚባለው ነው፤ በዲስኩ ላይ ዊንዶውስ.ኦልድ በሚል ፎልደር ይታያል፣ ብዙ ጊዜም ከ10 ጊጋባይት ይበልጣል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላቆመ ብዙ ሰው ወደ 11 ተሻግሯል፤ አሮጌውም ሐሳባቸውን ለሚቀይሩ ሰዎች ተብሎ ለ10 ቀን ይቆያል። ወደ ቀድሞው መመለስ ለማያስብ ሰው ይህን ማጥፋት ጉዳት የለውም። ነገር ግን ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ባለሙያ ዘንድ ሄዶ፣ ዲስኩ ሳይጸዳ አዲስ ዊንዶውስ ተጭኖበት ከሆነ፣ የባለቤቱ የቀድሞ ፎቶና ጽሑፍ በሙሉ እዚሁ ፎልደር ውስጥ፣ ዩዘርስ በሚለው ስር ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ሰነዴ ጠፋ ብሎ ያዘነ ሰው ንብረቱን ሳያውቅ በገዛ እጁ የሚያጠፋው በዚህ ጊዜ ነው። ከፍቶ ማየት ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

በዚያው በ“ሲ” ላይ ግዙፍ መስለው የሚታዩ፣ እጅ ግን የማያስነኩም አሉ። በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለው ዊንኤስኤክስኤስ ብዙ ጊጋባይት የያዘ ይመስላል። አንዱ ፋይል በሁለት ቦታ ስም ስላለው ሁለት ጊዜ ይቆጠራል እንጂ የእውነት ያን ያህል አይከብድም፤ በእጅ ቢሰረዝ ኮምፒውተሩ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል። ሃይበርኔት የሚባለው አገልግሎት የሚጠቀምበት ፋይል ደግሞ በዊንዶውስ 10 ላይ የራምን 40 በመቶ ያህል ይይዛል፤ ባለ 8 ጊጋ ራም ከሆነ 3.2 ጊጋባይት ገደማ ነው። ባለሙያ በአንድ ትእዛዝ ሊዘጋው ይችላል። መብራት በሚጠፋበት ቤት ለላፕቶፕ ይህን ማዘጋት አይመከርም፦ ባትሪው ሊያልቅ ሲል የተጀመረውን ሥራ ዲስክ ላይ አስቀምጦ የሚያተርፈው እሱ ነው።

አንዳንዱ ቤት ደግሞ ችግሩ የቦታ ማነስ አይደለም። ዲስኩ “ሲ” እና “ዲ” ተብሎ ተከፍሏል፤ “ሲ” ሞልቶ ሲጨነቅ “ዲ” ባዶውን ተቀምጧል። ዶክመንትስ፣ ፒክቸርስ እና ቪዲዮስ የሚባሉት ፎልደሮች ወደ “ዲ” መዛወር ይችላሉ፦ ፎልደሩን በቀኝ ጠቅ አድርጎ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ሎኬሽን፣ ከዚያ አዲሱን ቦታ መምረጥ። ዊንዶውስ የነበሩት ፋይሎች አብረው ይዛወሩ ወይ ብሎ ሲጠይቅ መልሱ “የስ” ነው። ይህች ጥያቄ ቀላል እንዳትመስል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 የወጣ የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ፣ ፎልደራቸውን አዛውረው በአሮጌው ቦታ ፋይል በተዉ አንዳንድ ሰዎች ላይ አሮጌውን ፎልደር ከነፋይሉ አጠፋባቸው፤ ማይክሮሶፍትም ማሻሻያውን ማሰራጨት ለጊዜው አቁሞ ስህተቱን አርሟል።

የሰርጉን፣ የመልሱን፣ የክርስትናውን ቪዲዮ ወደ ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ዲስክ ማውጣት ከሁሉ የበለጠ ቦታ ይለቅቃል። ፍላሹ 64 ጊጋ ባዶ እያለው “ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው” ብሎ እምቢ ካለ የተዘጋጀው በፋት32 ነው፤ ይህ አሠራር ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። በኤክስፋት ፎርማት ሲደረግ ይፈታል፤ ፎርማት ግን በፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ አስቀድሞ ማውጣት ያስፈልጋል። ሲዛወርም “ከት” ከማለት “ኮፒ” ማለት ይሻላል፦ መጀመሪያ መገልበጥ፣ ቪዲዮውን ከፍላሹ ላይ ከፍቶ መሃሉንና መጨረሻውን ማየት፣ ከዚያ ከኮምፒውተሩ ማጥፋት። ፍላሽ ይጠፋል፣ ይበላሻልም፤ ለሰርግ ቪዲዮ ሁለተኛ ቅጂ በዘመድ ቤት ቢቀመጥ የሚያስቆጭ ወጪ አይደለም።

የተሰረዘው ፋይል ሪሳይክል ቢን እስካልተራገፈ ድረስ ቦታውን አይለቅም። ማራገፉ መጨረሻ ላይ፣ ውስጡ ታይቶ ቢሆን ይመረጣል። ከፍላሽ ላይ የተሰረዘ ግን ወደዚያ አይገባም፤ ወዲያው ይሄዳል።

በስህተት የተራገፈ ነገር ካለ ዕድሉን የሚወስነው የዲስኩ ዓይነት ነው። በሚሽከረከረው በቀድሞው ሃርድ ዲስክ ላይ የጠፋ ፋይል ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ በቦታው አለ፤ በኤስኤስዲ ላይ ግን ዊንዶውስ ቦታው እንደተለቀቀ ለዲስኩ ስለሚነግረው ብዙ ሳይቆይ ይጸዳል፣ ተስፋውም የመነመነ ነው። በሁለቱም ሁኔታ ኮምፒውተሩን መጠቀም ወዲያው ማቆም፣ የማገገሚያ ፕሮግራሙንም ፋይሉ በጠፋበት ዲስክ ላይ ሳይሆን ከሌላ ኮምፒውተር ወደ ፍላሽ አውርዶ ከዚያ ማስጀመር ያስፈልጋል።