ከገበያ የተሰረዘ አክሲዮን፦ ርካሽ ነው ወይስ ባዶ?

 

በቅርቡ ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ወንድማችን ስልኩን ይዞ መጣ። ዱባይ በሹፍርና የሚሠራው ታላቅ ወንድሙ የላከለትን መልእክት አሳየኝ። «ድሮ በብዙ ዶላር ይሸጥ የነበረ የአሜሪካ ኩባንያ አክሲዮን ዛሬ በጥቂት ሳንቲም ይገኛል። ያጠራቀምኩትን ላስገባበት ወይ? አንተ አካውንቲንግ የምትማረው ለዚህ አይደል?» ይላል። ኩባንያው ከአክሲዮን ገበያ መዝገብ የተሰረዘ ነው። ጥያቄው የብዙዎቻችን ሊሆን ስለሚችል በዚህ እትም እንየው።

መሰረዝ ምን ማለት ነው?

የአክሲዮን ገበያ አንድን ኩባንያ ሲመዘግብ ግዴታም ይጥልበታል። ኩባንያው የተመረመረ የሒሳብ ሪፖርት በጊዜው ማውጣት አለበት፤ ዋጋውም ከተወሰነ መጠን በታች መውረድ የለበትም። ለምሳሌ በአሜሪካው ናዝዳክ ገበያ የአክሲዮኑ ዋጋ ለ30 ተከታታይ የሥራ ቀናት ከ1 ዶላር በታች ከዋለ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፤ በተሰጠው ጊዜ ካላስተካከለ ሊሰረዝ ይችላል። ማጭበርበርና ኪሳራም ወደዚያው ያደርሳሉ።

ሁሉም መሰረዝ ግን ውድቀት አይደለም። ትዊተር እ.ኤ.አ. በ2022 ከኒውዮርክ ገበያ የወጣው ኢሎን መስክ ስለገዛው ነው፤ ባለአክሲዮኖቹ ለእያንዳንዱ አክሲዮን 54.20 ዶላር ተከፍሏቸዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን ተሰረዘ?» የሚለው ነው።

ከተሰረዘ በኋላ

አክሲዮኑ በማግስቱ አይጠፋም። ከመደበኛው ገበያ ውጭ በአገናኞች በኩል መሸጡ ይቀጥላል። እዚያ ግን ገዢው ጥቂት ነው፤ መግዣና መሸጫው ዋጋ ይራራቃል፤ ስለ ኩባንያው የሚወጣው መረጃም ይቀንሳል። ገበያው ቀጭን ስለሆነ ጥቂት ሰዎች ወሬ አስነዝተው ዋጋውን ማናር፣ ከዚያም የያዙትን በሌላው ላይ አራግፈው መውጣት ይችላሉ።

ቤድ ባዝ ኤንድ ቢዮንድ የተባለውን የአሜሪካ የቤት ዕቃ መደብር እንመልከት። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በፍርድ ቤት የኪሳራ ጥበቃ ሲጠይቅ ንብረቱ ወደ 4.4 ቢሊዮን፣ ዕዳው ወደ 5.2 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በግንቦት መጀመሪያ ከናዝዳክ ተሰረዘ። ሆኖም ብዙዎች «ይነሣል» ብለው በሳንቲሞች መግዛታቸውን ቀጠሉ። በመስከረም 29 ቀን 2023 አክሲዮኖቹ በሙሉ ተሰረዙ፤ ባለቤቶቹ ምንም አላገኙም። በ10 ሳንቲም የገዛም በ20 ዶላር የገዛም እኩል ባዶ እጁን ቀረ።

ምክንያቱ የተራ ጉዳይ ነው። ኩባንያ ሲከስር በመያዣ ያበደሩት ይቀድማሉ፤ የኪሳራው ሂደት ወጪ፣ ሠራተኛና መንግሥት፣ ከዚያም ሌሎች ባለዕዳ የሆነላቸው ይከተላሉ። ባለአክሲዮን የመጨረሻው ነው። ዕዳው ከንብረቱ ከበለጠ ተራው ሳይደርሰው ገንዘቡ ያልቃል። አልፎ አልፎ የሚያንሰራራ ኩባንያ አለ፤ የምንሰማው ግን የእሱን ወሬ እንጂ የጠፉትን አይደለም።

በሸሪዓ ዓይን

አክሲዮን በኩባንያው ንብረት ላይ ያለ የባለቤትነት ድርሻ ነው። ስለዚህም ዑለማእ ሥራው ሐላል በሆነ ኩባንያ ውስጥ ድርሻ መያዝን ይፈቅዳሉ። ኪሳራ ያጋጥማል ተብሎ ብቻ ንግድ ሐራም አይሆንም። ነገር ግን ሦስት ነገር እናስተውል።

አንደኛ፣ ሪባ። አዮፊ የተባለው የእስላማዊ ፋይናንስ ተቋም መስፈርት በወለድ የተወሰደ ብድር ከኩባንያው የገበያ ዋጋ 30 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ዋጋው በወደቀ ቁጥር የዕዳው ድርሻ ያብጣል። በዕዳ የሰጠመ ኩባንያ ገና ሳይሰረዝ ይህን ወንፊት አያልፍም።

ሁለተኛ፣ ገረር። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገረር ያለበትን ሽያጭ ከልክለዋል፤ ሐዲሱ በሶሒሕ ሙስሊም ይገኛል። ሪፖርት የማያወጣ ኩባንያ ድርሻ ሲገዛ የሚገዛው ምን እንደሆነ በውል አይታወቅም።

ሦስተኛ፣ መይሲር። ኩባንያው ምን እንደሚሠራ ሳናውቅ «ምናልባት ይጨምር» ብለን ብቻ ከገዛን፣ በሱረቱል ማኢዳ ከተከለከለው ቁማር ምን ያህል እንደራቅን ራሳችንን እንጠይቅ።

ለዝርዝር ብይን ዑለማእን መጠየቅ አይቀርም።

ወደ አገራችን ስንመጣ

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኗል። ገና ያልተመዘገበና ተመዝግቦ የተሰረዘ አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ደጅ ላይ ያለ ነው፣ ሁለተኛው ከቤት የወጣ። ለሁለቱም ግን ከመግዛታችን በፊት እነዚህን እንጠይቅ፦

1. ለምን ተሰረዘ፣ ወይም ለምን አልተመዘገበም?
2. የቅርብ ጊዜ የተመረመረ ሒሳቡ የት አለ?
3. ዕዳው ስንት ነው? ከእኔ በፊት የሚከፈለውስ ማነው?
4. ነገ ገንዘቡን ብፈልግ ማን ይገዛኛል?
5. የማስገባው ገንዘብ የማን ነው? ቢጠፋ የሚራብ ሰው አለ?

አንድ ማሳሰቢያ፦ ዋጋ ያጣ አክሲዮን የያዙ ሰዎችን እየፈለጉ «በጥሩ ዋጋ እንገዛችኋለን፣ ቅድሚያ ክፍያ ላኩ» የሚሉ አጭበርባሪዎች አሉ። ለሁለተኛ ጊዜ እንዳንዘረፍ።

ወንድማችን አምስቱን ጥያቄዎች በድምፅ ቀድቶ ወደ ዱባይ ላከ። መልሱ በማግስቱ መጣ፦ «አራተኛው ላይ ቆምኩ።»

አላህ ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያለው ያድርግልን። አሚን።