አፍን ብቻ ሳይሆን እጅንም መቁጠር፦ ልጆቻቸውን ብቻቸውን ለሚያሳድጉ እናቶች በድርቅ ወቅት ስለሚሰጥ ዕርዳታ

በዕርዳታ ማደያ ጣቢያ ሚዛኑ ለሁሉም እኩል ነው። ባልና ሚስት አብረው የሚኖሩበት ቤተሰብም ሆነ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት በነፍስ ወከፍ የሚደርሳቸው እህል አንድ ነው። ይሁን እንጂ ከሚዛኑ በፊት ያለው ወረፋና ከሚዛኑ በኋላ ያለው መንገድ ለሁለቱ እኩል አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ልዩነት ከምን እንደሚመነጭ፣ በዕርዳታው ውጤት ላይ ምን ጉዳት እንደሚያስከትልና በምን ዓይነት አሠራር ሊቃለል እንደሚችል ለመስክ ሠራተኞችና ለአስተዳደር ኃላፊዎች ማመልከት ነው።

እማወራ ማን ናት?

አባወራ በሌለበት ቤት የኑሮውን ኃላፊነት ብቻዋን የተሸከመች ሴት እማወራ ትባላለች። ለዚህ የሚያበቋት ምክንያቶች የተለያዩ ናቸው። አንዲቱ ባሏ ሞቶባታል፤ ሌላይቱ ተፋታለች፤ ሦስተኛይቱ ሳታገባ ወልዳለች። ድርቅ ሲጠና ደግሞ አራተኛ ዓይነት ይጨመራል፤ ይኸውም ባሏ ሥራ ፍለጋ ሄዶ ያልተመለሰላት ናት። ይህችኛይቱ በመዝገብ ባለትዳር፣ በኑሮዋ ግን ብቸኛ ናት። የቤተሰቡ ካርድ በባሏ ስም የተጻፈ እንደሆነ፣ ካርዱን ይዛ ብትቀርብ እንኳ «ባለቤቱ ይምጣ» ተብላ ልትመለስ ትችላለች። ስለዚህ መዝጋቢው «ባል አለዎት ወይ?» ብሎ ቢያበቃ እውነቱን አያገኝም። «ዛሬ በዚህ ቤት ውስጥ መሥራት የሚችል ማን አለ?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

የመረዳጃ ልማዶች ወሰን

በገጠሩ ኅብረተሰብ ዘንድ የቆዩ መረዳጃዎች መኖራቸው የታወቀ ነው። ሆኖም ወንፈል ጉልበት በጉልበት የሚመለስበት ብድር ነው፤ ደቦ የሚጠራም ሰው ለሠራተኞቹ ምግብና ጠላ ማቅረብ ይጠበቅበታል። እማወራዋ ለወንፈል የምትመልሰው ጉልበት፣ ለደቦ የምትደግሰው እህል ባጣችበት ወቅት ከሁለቱም ውጭ ትሆናለች። ምጽዋትና ዘካም ቢሆኑ የሰጪው ጎተራ ሲጎድል አብረው ይቀንሳሉ። በሰሜኑና በመካከለኛው የአገራችን ክፍል በበሬ ማረስ በልማድ የወንድ ሥራ በመሆኑ፣ እማወራዋ መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ምርቱን ትካፈላለች። በደጉ ዘመን የማሳዋን ግማሽ ብቻ ታስገባ የነበረች ሴት፣ ዝናቡ በቀረ ጊዜ ጎተራዋ ከጎረቤቶቿ ቀድሞ ይራቆታል።

ይህን የጉልበት እጦት ሕግም ቀደም ብሎ ተገንዝቦት ነበር። የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ለማድረግ በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 መሬት ያለ ጾታ ልዩነት እንዲሰጥ ደንግጓል። በቅጥር ጉልበት ማሳረስን ሲከለክልም፣ ሌላ በቂ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት ከክልከላው ነጻ አድርጓት ነበር። በዚህም ሠሪ እጅ የጎደለበትን ቤት ለይቶ አይቷል፤ ሆኖም ቀጥራ ለማሠራት የምትከፍለውን ከየት ታመጣለች ለሚለው ጥያቄ ፈቃዱ ብቻውን መልስ አልሆነም።

ሂሳቡ ሲሠራ

ለምሳሌ ያህል አንዲት እናትና ሦስት ልጆች ያሉበትን ቤተሰብ እንውሰድ። በአገራችን ለረጅም ጊዜ በተሠራበት ልክ መሠረት፣ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም እህል፣ 1.5 ኪሎ ግራም ጥራጥሬና 0.45 ሊትር ዘይት ቢታደል፣ ለአራቱ ሰዎች 60 ኪሎ ግራም እህል፣ 6 ኪሎ ግራም ጥራጥሬና 1.8 ሊትር ዘይት ይደርሳቸዋል። ይህ ከ67 ኪሎ ግራም በላይ የሆነ ሸክም ነው። ሕፃን ያዘለች ሴት ይህን ተሸክማ ረጅም መንገድ ልትሄድ አትችልም። ስለዚህ ለአህያ ኪራይ ከእህሉ ትከፍላለች፤ አለዚያም ከፊሉን እዚያው በርካሽ ትሸጣለች። ለኪራይ 6 ኪሎ ግራም ሰጠች ብንል፣ በሪፖርቱ «60 ኪሎ ግራም ታድሏል» ተብሎ ሲጻፍ ቤት የገባው 54 ኪሎ ግራም ብቻ ይሆናል። ጉድለቱን የሚሸከሙት ልጆቹ ናቸው።

በሥራ ለሚገኝ ዕርዳታም ሂሳቡ ተመሳሳይ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ በማኅበረሰብ ሥራ የሚሳተፍ ቤተሰብ ለእያንዳንዱ አባል በወር 5 የሥራ ቀን እንዲያሟላ ይጠበቅ ነበር። ለአራት ሰዎች 20 ቀን መሆኑ ነው። ሁለት ጎልማሶች ባሉበት ቤት ለእያንዳንዳቸው 10 ቀን ሲደርስ፣ እማወራዋ ግን 20ውንም ቀን ብቻዋን ልትሠራ ነው። ታዲያ ውኃ ማን ይቀዳል? እንጨት ማን ይለቅማል? የታመመውን ልጅ ማን ወደ ጤና ኬላ ይወስዳል? በኋላ የወጡት የፕሮግራሙ መመሪያዎች ለዚህ ጥያቄ ከፊል መልስ ሰጥተዋል። አንድ ሰው በወር ከ15 ቀን በላይ እንዳይሠራ ገደብ ተደረገ፤ የሴቶች የሥራ መጠን ከወንዶች ግማሽ እንዲሆን ተወሰነ፤ ነፍሰ ጡሮችና ልጃቸው አንድ ዓመት ያልሞላቸው እናቶችም ሳይሠሩ ቀጥተኛ ድጋፍ እንዲያገኙ ተደነገገ።

ከመጠለያና ከሠፈራ የተገኘ ትምህርት

በ1977 ዓ.ም. በኮረምና በባቲ መጠለያዎች ምግብና ሕክምና የሚገኘው በመጠለያው በመቆየት ነበር። ብቻዋን ለሆነች እናት ይህ ከባድ ምርጫ ነው፤ አንዱን ልጅ ለማዳን እዚያ ስትቆይ ሌሎቹን ያለ ጠባቂ ልትተው ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዱ፣ ሌላ ሕመም ግን ያልበረታባቸው ሕፃናት ሕክምና በገጠር ጤና ኬላዎች እየተስፋፋ ሲሄድ፣ እናቲቱ የሳምንቱን አልሚ ምግብ ተቀብላ ወደ ቤቷ መመለስ ቻለች። የእናቲቱ ጊዜ በሂሳብ ውስጥ ሲገባ አሠራሩ ምን ያህል እንደሚለወጥ ይህ ዓይነተኛ ማስረጃ ነው።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. 600,000 ያህል ሰዎች ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲጓጓዙ ብዙ ቤተሰቦች ተለያይተዋል። በአዲስ ሥፍራ ጫካ መመንጠርና ጎጆ መሥራት ጉልበት ይጠይቃል፤ ቀድሞ «ልጄን ጠብቂልኝ» ትላት የነበረችው ጎረቤትም በአጠገቧ የለችም። ስለዚህ በማናቸውም የሕዝብ ዝውውር እማወራዋን ከዘመዶቿና ከመንደሯ ሰዎች ሳይነጥሉ ማስፈር የዕርዳታው አንድ ክፍል ተደርጎ ሊታይ ይገባል።

በሥራ ላይ ሊውሉ የሚገባቸው ነጥቦች

1ኛ/ በምዝገባ ጊዜ ከቤተሰቡ ብዛት ጎን መሥራት የሚችሉ ሰዎች ብዛት ይጻፍ። ባሏ የራቀባት ሴት በጎረቤቶቿ ምስክርነት ካርድ በራሷ ስም ይሰጣት።

2ኛ/ ማደያው በተቻለ መጠን ወደ መንደሩ ይቅረብ። ካልተቻለ የማጓጓዣው ኪራይ በዕርዳታ ሰጪው ይከፈል፤ ሕፃን ለያዙና ለነፍሰ ጡሮች ተራ ይቅደምላቸው።

3ኛ/ በሥራ ቦታ የሕፃናት ማቆያ ዳስ ይሠራ። ልጆቹን የምትጠብቀው ሴት የዋለችበት ቀን እንደ ሥራ ቀን ይቆጠርላት።

4ኛ/ በገበያው እህል ካለ ገንዘብ፣ እህል ከጠፋ ግን እህሉ ራሱ ይሰጥ። ዋጋ በየቀኑ በሚወጣበት ገበያ ገንዘብ ይዛ የቆመች እናት ባዶ እጇን ልትመለስ ትችላለች።

5ኛ/ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ለበሬ ኪራይና ለዘር የመደቡትን ዕርዳታ ዝናቡ ከመጣሉ በፊት ያድርሱ። የዘር ወቅት ካለፈ በኋላ የሚመጣ ዘር ለአንድ ቀን ንፍሮ ይሆናል እንጂ ማሳዋን አይሸፍንም።

6ኛ/ አንዲት እናት ፍየል ስለገዛች ወይም ጉሊት ስለጀመረች ወዲያውኑ ከዝርዝሩ አትሰረዝ። ገና መቆም የጀመረችውን ሴት መቅጣት፣ ሌሎቹ ያላቸውን እንዲደብቁ ማስተማር ይሆናል።

ከዚህ በላይ የተዘረዘሩት አብዛኞቹ ነጥቦች ተጨማሪ እህል የሚጠይቁ አይደሉም። የሚጠይቁት በመዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ መጨመርንና የማደያውን ቀን፣ ቦታና ሰዓት እንደገና ማሰብን ነው።

ለሠራተኞች ውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

ሀ/ በሥራ ክልላችሁ በባሎቻቸው ስም የተመዘገቡ፣ ነገር ግን ብቻቸውን የሚኖሩ እናቶች እንዴት ሊታወቁ ይችላሉ?

ለ/ ባለፈው እደላ ከማደያው የወጣው እህል ስንቱ ቤት ደረሰ? ይህንን ለማወቅ ማንን መጠየቅ ይገባል?

ሐ/ በማደያው የሥራ ሰዓት ላይ አንድ ለውጥ ብቻ ማድረግ ብትችሉ፣ ለእማወራዎች ይበልጥ የሚጠቅመው የትኛው ነው?