የተበተነ ስብስብን ማንበብ፦ የቆጵሮስ ሙዚየሞች ጉብኝት እንደ ምርምር ዘዴ

ለአማርኛ አንባቢ ቆጵሮስ እንግዳ ስም አይደለችም። ጳውሎስና በርናባስ ከስልማና ተነሥተው እስከ ጳፉ ደሴቲቱን እንደዞሩ በሐዋርያት ሥራ ተጽፏል፤ በርናባስም ራሱ የዚያ ምድር ተወላጅ ነበረ። ስልማና፣ በዛሬ አጠራሯ ሳላሚስ፣ ፍርስራሿ በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ጠረፍ ይታያል። ይሁን እንጂ ይህችን ከተማ በቁሳዊ ማስረጃ ለማጥናት የተነሣ ሰው አንድ ቦታ ሄዶ አይጨርስም። ፍርስራሹ ያለው ከ1974 ወዲህ የቆጵሮስ ሪፐብሊክ በማይቈጣጠረው ሰሜናዊ ክፍል ነው። ከ1957 እስከ 1967 ባሉት ዓመታት በቫሶስ ካራጌዎርጊስ መሪነት ከተቈፈሩት የነገሥታት መቃብሮች የወጡት በዝሆን ጥርስ ያጌጠ ዙፋንና ታላቅ የነሐስ ጎላ በደቡብ ኒቆስያ በቆጵሮስ ሙዚየም ቆመዋል። በ1890 እንግሊዞች ካደረጉት ቁፋሮ የወጣው ድርሻ ደግሞ ለንደን ነው። ከተማዋ አንዲት፣ ማረፊያዋ ሦስት ማለት ነው።

ይህ አጭር ጽሑፍ የሚያቀርበው መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ የቆጵሮስን ሙዚየሞች ለምርምር የሚጎበኝ ሰው ከዕቃው ዕድሜና ከሠሪው ጥበብ አስቀድሞ ዕቃው እስከ መስታወቱ ሣጥን ድረስ የመጣበትን መንገድ መጠየቅ ይገባዋል። የመበተኑ መንገድ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በዚህም ምክንያት በዕውቀት ላይ ያደረሰው ጉዳት እኩል አይደለም። ወሳኙ ልዩነት ዕቃው ዛሬ የሚገኝበት አገር ሳይሆን፣ ከመነሣቱ በፊት ወይም ሲነሣ የተያዘው መዝገብ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የቆንስሉ ዘመንና የሲሶው ሕግ

ሉዊጂ ፓልማ ዲ ቼስኖላ በትውልድ ጣሊያናዊ፣ በሹመት የአሜሪካ ቆንስል ሆኖ ከ1865 እስከ 1876 በቆጵሮስ ተቀመጠ። በእነዚህ ዓመታት ከ35,000 በላይ ጥንታዊ ዕቃዎችን ሰብስቧል። 5,000 ያህሉ በ1871 ናፕሪድ ከተባለችው መርከብ ጋር ባሕር ውስጥ ሰጥመው ቀሩ። ከተረፈው ዋናውን ክፍል የገዛው አዲስ የተቋቋመው የኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ነው፤ ቼስኖላም በ1879 የዚሁ ሙዚየም የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆነ።

የቼስኖላ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ዝርፊያ ታሪክ ነው። ዝርፊያነቱን መካድ አይቻልም፤ ለተመራማሪ ግን ሌላ፣ ከዚያም የባሰ ጉዳት አለ። ሰውዬው በ1877 ባሳተመው መጽሐፍ በኩሪዮን ከተማ ከምድር በታች በተሠሩ ክፍሎች ውስጥ የተከማቸ የወርቅና የብር ሀብት እንዳገኘ ጻፈ። ከእርሱ በኋላ የቈፈሩት ሊቃውንት ግን እንዲህ ያለ የሀብት ማከማቻ አላገኙም። ዛሬ የሚታመነው፣ ከተለያዩ መቃብሮችና ከተለያዩ ስፍራዎች የተለቀሙ ጌጣጌጦች ገበያና ዝና እንዲያገኙ በአንድ ስም ተጠቅልለው እንደቀረቡ ነው። ዕቃዎቹ እውነተኛ ናቸው፤ ቦታቸው ግን ልብ ወለድ ነው። የተሰረቀ ዕቃ ቢያንስ ከየት እንደተሰረቀ ሊታወቅ ይችላል፤ በሐሰት አድራሻ የተመዘገበ ዕቃ ግን ማንም ቢመልሰው የሚመለስበት መቃብር የለውም።

የሕጉም ነገር መታየት አለበት። የ1874ቱ የኦቶማን የቅርስ ሕግ ከቁፋሮ የተገኘውን በሦስት ይከፍላል፦ ሲሶ ለመንግሥት፣ ሲሶ ለባለ መሬቱ፣ ሲሶ ለቈፋሪው። ቈፋሪው መሬቱን አስቀድሞ ከገዛ ሁለቱ እጅ የእርሱ ይሆናል። በ1878 የደሴቲቱን አስተዳደር የተረከቡት እንግሊዞችም እስከ 1905 በዚሁ ሕግ ሲሠሩ ቆዩ። የቆጵሮስ ሙዚየም በ1882 የተቋቋመው የደሴቲቱ የሃይማኖት አባቶች ለአዲሱ አስተዳደር አቤቱታ ካቀረቡ በኋላ ነው፤ ሆኖም ሙዚየም መኖሩ ክፍፍሉን አላስቀረውም። ብሪቲሽ ሙዚየም በ1896 በኤንኮሚ ያካሄደው ቁፋሮ ውጤት በለንደንና በኒቆስያ ተከፍሎ የቀረው በዚህ አሠራር ነበር።

አያ ኢሪኒ፦ በስምምነት የተከፈለ ጉባኤ

የቆጵሮስን ሙዚየም የጎበኘ ሰው ሁሉ የማይረሳው አንድ ትዕይንት አለ። ከጣት ቁመት የማይበልጡትና የሰው ቁመት የሚያህሉት የሸክላ ምስሎች ከፊት ወደ ኋላ ከፍ እያሉ፣ ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረው ቆመዋል። ታጣቂዎች፣ በሠረገላ የተቀመጡ፣ መባ የያዙ፣ ግማሽ ሰው ግማሽ በሬ የሆኑ ፍጡራን ይገኙባቸዋል። አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። የመጡት በደሴቲቱ ሰሜን ምዕራብ ከምትገኘው አያ ኢሪኒ ከተባለች ስፍራ ነው። በ1929 የመንደሩ ቄስ የአንድ ምስል የላይኛውን ክፍል ይዘው ወደ ኒቆስያ በመምጣታቸው፣ በዚያ ጊዜ በኤይናር ጄርስታድ መሪነት በደሴቲቱ ሲሠራ የነበረው የስዊድን ቡድን ወደ ቦታው ሄደ። ቁፋሮው ሲጠናቀቅ ወደ 2,000 የሚጠጉ ምስሎች በአንድ መሠዊያ ዙሪያ በግማሽ ክብ ተደርድረው ተገኙ፤ ትንንሾቹ በቅርብ፣ ትልልቆቹ በስተኋላ። የጎርፍ ደለል ስለ ሸፈናቸው ከነአቋቋማቸው ተጠብቀው ነበር።

አቋቋማቸው ግን ቁፋሮው ካበቃ በኋላ አልቀጠለም። ከ1927 እስከ 1931 የሠራው ይህ ቡድን ከመንግሥት ጋር ባደረገው ክፍፍል ከአጠቃላይ ግኝቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ወደ ስዊድን ወሰደ። የአያ ኢሪኒም ጉባኤ ተከፍሎ ከፊሉ ኒቆስያ ቀረ፤ ከፊሉ ስቶክሆልም ገብቶ ዛሬ በሜዴልሃቭስሙሴት፣ ማለትም በሜዲትራኒያን ሙዚየም፣ ይታያል። ሁለቱም ሙዚየሞች ድርሻቸውን በመጀመሪያው አደራደር አምሳል አቁመዋል። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። እያንዳንዱ ትዕይንት ባለው ምስል ተጠጋግቶ ስለ ሞላ ሙሉ ይመስላል፤ የጎደለው አይታይም። ስለ ምስሎቹ ብዛት፣ ስለ ታጣቂዎቹ መጠን፣ ስለ ትልልቆቹና ስለ ትንንሾቹ ንጽጽር በኒቆስያ ብቻ ቆጥሮ የሚደመድም ተማሪ፣ የሚቆጥረው የጥንቱን ምእመናን ስእለት ሳይሆን የ1931ን ክፍፍል ነው።

ያም ሆኖ የአያ ኢሪኒ ጉዳት ሊጠገን የሚችል ነው። ጄርስታድና ባልደረቦቹ ከ1934 ጀምሮ በተከታታይ ጥራዞች የቁፋሮውን ፕላን፣ የእያንዳንዱን ምስል ቁጥርና የተገኘበትን ቦታ አሳትመዋል። ጥራዙን የያዘ ሰው በሁለት አገር የቆሙትን በወረቀት ላይ መልሶ ሊያሰልፋቸው ይችላል። ለቼስኖላ የኩሪዮን ሀብት ይህን ማድረግ አይቻልም። ሁለቱም ስብስቦች ከደሴቲቱ ወጥተዋል፤ አንዱ ግን መዝገቡን ይዞ ወጣ።

ለእኛ አገር ተመራማሪ ይህ ንጽጽር የመቅደላን ጉዳይ ማስታወሱ አይቀርም። በ1868 ተዘርፈው ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ የሚገኙት ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት፣ ከዝርፊያው በፊት አፄ ቴዎድሮስ ከየአድባራቱ፣ በተለይም ከጎንደር፣ ያሰባሰቧቸው ነበሩ። እንግዲህ ከዘረፋው በስተጀርባ ሌላ መሰባሰብ አለ ማለት ነው። ብራና ግን አንድ ዕድል አለው፤ በኅዳጉ የባለቤቱን፣ የሰጪውንና የደብሩን ስም ይዞ ይዞራል። የሸክላ ምስል ይህ የለውም። አፉን የሚከፍትለት የቈፋሪው ማስታወሻ ብቻ ነው።

የተሰረቀውና የተመለሰው

ከ1974 በኋላ የመጣው የመበተን ዓይነት ከቀደሙት ይለያል፤ ሕግም፣ ስምምነትም፣ ደረሰኝም የለውም። በካርፓስ ልሳነ ምድር በሊትራንኮሚ መንደር የምትገኘው የፓናያ ካናካርያ ቤተ ክርስቲያን በ6ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ሞዛይክ ነበራት። እመቤታችን ሕፃኑን ይዛ በመላእክት መካከል ተቀምጣለች፤ ዙሪያውን የሐዋርያት ፊት በክብ በክብ ተሥሏል። በ8ኛው ክፍለ ዘመን ከተነሣው የሥዕል ሰባሪዎች ዘመቻ ከተረፉት ጥቂት ሥራዎች አንዱ ነው። ይህን ሥራ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሌቦች ከግድግዳው ቆርጠው አወጡት።

በ1988 የአሜሪካዋ ኢንዲያናፖሊስ ከተማ አንዲት የሥነ ጥበብ ነጋዴ አራቱን ቁራጮች ጄኔቭ ላይ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር ጥቂት በሚበልጥ ዋጋ ገዛች፤ ለጌቲ ሙዚየምም በ20 ሚሊዮን ዶላር እንዲሸጡ ቀረቡ። ሙዚየሙ በመግዛት ፈንታ ወሬውን ለቆጵሮስ ባለሥልጣናት አደረሰ። በ1989 የኢንዲያናፖሊስ ፌዴራል ፍርድ ቤት ለቆጵሮስ ቤተ ክርስቲያን ፈረደ፤ በ1990 ይግባኝ ሰሚው አጸናው። ቁራጮቹ፣ ማለትም ሕፃኑ፣ አንድ ሊቀ መልአክ፣ ማቴዎስና ያዕቆብ፣ በ1991 ወደ ደሴቲቱ ተመለሱ። ዛሬ ኒቆስያ ውስጥ በሊቀ ጳጳሱ ግቢ ባለው የባይዛንታይን ሙዚየም ይገኛሉ። የቅዱስ ማርቆስ ፊት ያለበት ቁራጭ በ2018 ሞናኮ ውስጥ ተገኝቶ ተመልሷል።

በዚህ ክርክር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የሕጉ ነጥብ ነው። እኔ ትኩረት እንዲሰጠው የምፈልገው ሌላ ነገር ነው፦ ሜጋውና ሆኪንስ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ስለዚህች ቤተ ክርስቲያንና ስለ ሞዛይኮቿ ዝርዝር ጥናት በ1977 አሳትመው ነበር። ጥናቱ የታተመው ስርቆቱ በታወቀባቸው ዓመታት መሆኑ መልካም ዕድል ሆነ። ከነጋዴዋ እጅ የተገኘው ቁራጭ የየትኛው ግድግዳ እንደሆነ በፎቶግራፍ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማሳየት የሚቻለው እንዲህ ያለ ሥራ አስቀድሞ ሲኖር ነው። አንድ የአካዳሚ መጽሐፍ፣ ምናልባት ጥቂት መቶ አንባቢዎች ብቻ የገለጡት፣ የባለቤትነት ሰነድን ሥራ ሠራ።

መመለስ ግን ወደ ነበሩበት መግባት አይደለም። ከሊሲ አጠገብ ካለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን 38 ቦታ ተቆራርጦ የወጣው የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግድግዳ ሥዕል ይህን በግልጽ ያሳያል። በ1980ዎቹ የአሜሪካዊቷ ዶሚኒክ ደ ሜኒል ተቋም ከቆጵሮስ ቤተ ክርስቲያን ጋር ተስማምቶ ቁርጥራጮቹን ገዝቶ አስጠገነ፤ ከ1997 እስከ 2012 በሂውስተን ለዚሁ በተሠራ ጸሎት ቤት ከታየ በኋላ ሥዕሉ ወደ ቆጵሮስ ተመለሰ። የተመለሰው ግን ወደ ሙዚየም ነው፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ባዶዋን ቆማለች። በባይዛንታይን ሙዚየም በሥዕሉ ፊት የሚቆም ተመራማሪ ብርሃኑ ከየት ይገባ እንደነበር፣ ካህኑ በየት ቆሞ ያየው እንደነበር በሙዚየሙ መብራት መገመት አይችልም። ለዚህ ሕንፃውን ማየት ያስፈልጋል፤ ሕንፃው ደግሞ ከመስመሩ ወዲያ ነው።

ከሌድራ ጎዳና ባሻገር

የኒቆስያን አሮጌ ከተማ ለሁለት የሚከፍለው መስመር በሌድራ ጎዳና ላይ ለእግረኞች የተከፈተው በ2008 ነው። በዚያው ዓመት ከሁለቱም ማኅበረሰቦች የተውጣጣ የባህል ቅርስ ቴክኒካዊ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ኮሚቴው አብያተ ክርስቲያናትንም መስጊዶችንም ማስጠገኑ ይታወቃል፤ ለዚህ ጽሑፍ ግን ይበልጥ የሚስበኝ በ2020 የተፈጸመው ልውውጥ ነው። ሰሜን ቀርተው የነበሩ 219 የግሪክ ቆጵሮሳውያን ሥዕሎች ተመለሱ፤ በአንጻሩ በደቡቡ ማሰራጫ ጣቢያ መዝገብ ቤት የነበሩ የቱርክ ቆጵሮሳውያን የድምፅና የምስል ቅጂዎች ለሰሜኑ ተሰጡ። ሥዕል በድምፅ ተለወጠ። ስብስብ የሚለው ቃል የሸክላና የድንጋይ ብቻ አለመሆኑን ይህ ልውውጥ ያሳያል።

መስመሩን መሻገር ለአንዳንድ ቆጵሮሳውያን እስከ ዛሬ የኅሊና ጥያቄ ነው፤ በገዛ አገራቸው መታወቂያ ማሳየትን አይቀበሉም። የውጭ አገር ተመራማሪም በየትኛው ፈቃድ የትኛውን ቤት እንደጎበኘ በጽሑፉ መግለጥ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ የጥናቱ ማስረጃ አካል ነውና። በተግባርም የጉብኝቱ ቅደም ተከተል ለውጥ ያመጣል። አስቀድሞ የቁፋሮውን ጥራዝ ማንበብ፣ ቀጥሎ ዕቃው የወጣበትን መሬት ማየት፣ ሙዚየሙን በመጨረሻ ማስቀመጥ ይሻላል። ከሙዚየም የጀመረ ሰው መስታወቱ ያደራጀለትን ጥያቄ ይዞ ወደ ሜዳ ይወጣል። በማስታወሻ ደብተርም የሚታየውን ብቻ ሳይሆን በጥራዙ ውስጥ ኖሮ በአዳራሹ የሌለውን ቁጥር መመዝገብ ያስፈልጋል።

ለዚህ ሁሉ በኪስ የሚያዝ ማስረጃ አለ። ቆጵሮስ በ2008 ዩሮን ስትቀበል በአንድና በሁለት ዩሮ ሳንቲሞቿ ላይ የፖሞስን ጣዖት ቀረጸች፤ በ3000 ዓመተ ዓለም አካባቢ የተሠራ፣ እጆቹን እንደ መስቀል የዘረጋ ትንሽ የድንጋይ ምስል ነው፤ ዋናውም በኒቆስያው ሙዚየም ይታያል። በ10፣ በ20 እና በ50 ሳንቲሞቹ ላይ ያለችው ግን የኪሬንያ መርከብ ናት። ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረች የንግድ መርከብ ስትሆን በ1965 አንድ ጠላቂ ባሕር ውስጥ አገኛት፤ በ1968 እና በ1969 ደግሞ በማይክል ካትዜቭ መሪነት ወደ 400 ከሚጠጉ ባለ ሁለት ጆሮ እንስራዎችና በሺህ ከሚቆጠሩ የአልሞንድ ፍሬዎች ጋር ወጣች። ሳንቲሟ የምትዘዋወረው በደቡብ ነው። መርከቧ የቆመችው በሰሜን፣ በኪሬንያ ግንብ ውስጥ ነው፤ ሳንቲሙን ይዞ ሊያያት የሚሄድ ሰውም በኬላው ላይ ፓስፖርቱን ያሳያል፤ በዚያ ደግሞ መገበያያው የቱርክ ሊራ ነው።