ስንት ኪሎ የሚሳብ ደጋን?

ለአደን ደጋን ስለመምረጥ ስናነሳ ተማሪዎች ቀድመው የሚጠይቁት «ጠንካራው የቱ ነው?» ብለው ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት ሌላ ጥያቄ አስቀድማለሁ፤ ፍላጻው እንስሳውን የሚገድለው በምንድን ነው? በመቁረጥ ነው ወይስ በመርዝ? የሐረርና የአካባቢዋ ታሪክ ልዩነቱን ጥሩ አድርጎ ያሳየናል።

ጉልበቱ እንዴት ይለካል?

የደጋን ጉልበት የምንለው አውታሩን እስከ መጨረሻው ስቦ ለመያዝ የሚያስፈልገውን ኃይል ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በፓውንድ ነው፤ አንድ ፓውንድ 0.45 ኪሎ ገደማ ይሆናል። የሚለካውም አውታሩ ከመያዣው 28 ኢንች፣ ማለትም 71 ሳንቲ ሜትር እስኪርቅ ሲሳብ ነው። ክንዱ አጠር ያለና 26 ኢንች ብቻ የሚስብ ሰው «45 ፓውንድ» ከተባለው ደጋን የሚያገኘው ወደ 40 ፓውንድ ነው።

ሚዛን ከሌለ ጄሪካን ይበቃል፤ ውሃ በሚጠፋባት ሐረር ደግሞ ቢጫ ጄሪካን አይቸግርም። ደጋኑን በመያዣው ከጠንካራ ወጋግራ ላይ አንጠልጥሉ። ባለ 20 ሊትሩን ባዶ ጄሪካን ከአውታሩ መሐል በመንጠቆ ስቀሉና ውሃውን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። አውታሩ ከመያዣው 71 ሳንቲ ሜትር ሲርቅ አቁሙ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ የገባው ውሃ ከጄሪካኑ ክብደት ጋር ተደምሮ መልሱን ይሰጣችኋል። 20 ሊትር ውሃ ብቻውን 44 ፓውንድ ነው። ደጋኑ ሊሰበር ስለሚችል ፊታችሁን አርቁ።

ፍላጻው ምን ያህል ይዞ ይሄዳል?

45 ፓውንድ ማለት 200 ኒውተን ገደማ ነው። አውታሩ ሳይሳብም ከመያዣው ራቅ ብሎ ስለሚገኝ በእርግጥ የሚሳበው ግማሽ ሜትር ያህል ነው፤ በዚህ መሐል ኃይሉ ከዜሮ ተነስቶ እያደገ ስለሚሄድ ደጋኑ የሚያጠራቅመው በግምት 50 ጁል ነው። ከዚህ ውስጥ 35 ያህሉ ለፍላጻው ይደርሳል፤ የቀረው በደጋኑ ክንፎችና በንዝረት ይባክናል። በዚህ ጉልበት 30 ግራም የሚመዝን ፍላጻ በሴኮንድ 48 ሜትር ይበራል። የክላሽንኮቭ ጥይት ከአፈሙዙ ሲወጣ የሚይዘው 2,000 ጁል ገደማ ነው። ስለዚህ ፍላጻ እንስሳን የሚጥለው በምት ሳይሆን፣ ሳንባና ልብ ደርሶ ደም በማፍሰስ ነው። ወይም በመርዝ።

መርዝ ሲኖር

እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን ከዘይላ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር ገባ። በጉዞ መጽሐፉም በሶማሌ ምድር ደጋንና የተመረዘ ፍላጻ ይዘው የሚያድኑ ሰዎችን ገልጿል፤ ዛሬ ማድሂባን የሚባሉት ናቸው። መርዙ የሚገኘው ከእነ መረንዝ ወገን ከሆኑ ዛፎች ነው። በውስጡ ያለው ኡዋባይን የተባለ ንጥረ ነገር የልብ ጡንቻ ሶዲየምና ፖታሲየም የሚያመላልስበትን ፓምፕ ይዘጋል፤ ደም ውስጥ ከገባ ልብ ይቆማል። ጸጉራሟ የአፍሪካ አይጥ እንኳ የዚህን ዛፍ ልጥ አኝካ ጎኗን በመቀባት ራሷን ከጠላት ትከላከላለች።

ለእንዲህ ያለው ፍላጻ ቆዳውን በስቶ ደም መንካት ይበቃዋል። ቆዳው ስስ ለሆነ እንስሳ ቀላል ደጋን ያገለግላል ማለት ነው። ግን ይህ ለሁሉም አይሠራም። ኬንያ ውስጥ ዝሆን ያድኑ የነበሩት ኦሮምኛ ተናጋሪ ዋታዎች መርዝ እያላቸውም ከ100 ፓውንድ በላይ የሚሳብ ደጋን ይዘው ነበር። የዝሆን ቆዳ ወፍራም ነውና መርዙን ከሥጋው የሚያደርሰው ጉልበት ነው።

መርዝ ከሌለ

ለሚዳቋ መጠን እንስሳ በብዙ አገር ዝቅተኛው ልክ 40 ፓውንድ አካባቢ ነው፤ ለትልልቆቹ 60ና ከዚያ በላይ ይፈለጋል። ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ስለቱ ነው። ከባድ ደጋን ላይ የተጫነ ደነዝ ፍላጻ እንስሳውን አቁስሎ ይሰደዋል፤ ቆስሎ ጫካ ለጫካ ሲማቅቅ የሚሞት እንስሳ ደግሞ የአዳኙ በደል ነው። ከባድ ፍላጻም ከቀላሉ ይልቅ ጠልቆ ይገባል።

ክንድ ምን ይላል?

ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ፣ ደጋኑን ወደ ሰማይ ሳታነሱ በቀጥታ ሳቡት። ስባችሁም ክንዳችሁ ሳይንቀጠቀጥ ትንሽ ቆዩ። ካልቻላችሁ ደጋኑ ለእናንተ ከባድ ነው፤ ሰው ፊት ማፈር አያስፈልግም። ባለ መዘውሩ ዘመናዊ ደጋን ሙሉ ሲሳብ የሚያስይዘው ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ስለሆነ በዚህ ፈተና ያታልላል፤ እሱን የምትመዝኑት በሚከብድበት በመሐሉ ነው።

በአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው። በኤረር ሸለቆ በኩል ያለው የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያም የተቋቋመው እንስሳቱ እንዲተርፉ ነው። ፈቃድ የሌለው ሰው በጭድ በተሞላ ጆንያ ላይ ይለማመድ። ለዚያ 25 ፓውንድ ይበቃል። ሲለመድም በአንድ ጊዜ ከ5 ፓውንድ በላይ አትጨምሩ፤ ፍላጻ ሳይኖርበትም አውታሩን ስባችሁ አትልቀቁ፤ ጉልበቱ የሚሄድበት ስለሚያጣ ደጋኑን ሊሰብረው ይችላል።