ያባት ጠመንጃ ብሎን አልፈታ ሲል
ለመተማ፣ ለቋራና ለአርማጭሆ ቤተሰቦች የቀረበ ማሳሰቢያ

ከጎንደር በገንዳ ውሃ አድርጎ መተማ ዮሐንስ የሚደርሰው፣ ከዚያም ድንበሩን ተሻግሮ በገላባትና በዶካ ወደ ገዳሪፍ የሚዘልቀው መንገድ ብዙ ጠመንጃ አሳልፏል። በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራዕ ላይ ከግብፅ ጦር የተማረከው ረሚንግተን ከዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት እጅ ገባ። መጋቢት 1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ መተማ ላይ ሲወድቁ በሱዳን ድርቡሾችም በኩል ያው ረሚንግተን ነበረ። በ1932 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በእንግሊዙ ኮሎኔል ሳንድፎርድ የሚመራው ተልዕኮ 101 ከዶካ ተነሥቶ ጣሊያንን የሚወጉ አርበኞችን ለማግኘት ወደ ጎጃም ገባ። የነዚያ ዘመናት ረሚንግተን፣ ሰናድርና ውጅግራ ዛሬም ባንዳንድ ቤት ካባት ለልጅ እየተላለፈ ይቀመጣል።

ከነዚህ ጠመንጃዎች ብዙዎቹ ብሎናቸው በዝገት ተነክሷል። የጥቁር ባሩድ አመድ እርጥበት ይስባል፤ የድሮ ጥይት ማቀጣጠያም ሲተኮስ ጨው ይተዋል። የበጋው የቆላ ሙቀት ዘይቱን አድርቆ ሙጫ ያደርገዋል፤ ክረምቱ ሲገባ ርጥበቱ በብሎኑ ጥርስ ውስጥ ሰርጎ ያዝገዋል። ዝገት የያዘው ብሎን ጊዜ ከሰጡት ይፈታል። በችኮላ ራሱ የተበላ ብሎን ግን ጠመንጃውን ይዞት ይጠፋል። ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሣትዎ በፊት የሚከተለውን ያንብቡ።

ከመነካቱ በፊት

1. ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ። አፈሙዙን ሰው፣ ከብትና ቤት ወደሌለበት ያዙሩ። መዝጊያውን ከፍተው ጥይት የሚገባበትን ቦታ በዓይንዎ ይዩ፤ ጨለማ ከሆነ በጣትዎ ይዳስሱ። በቤት ውስጥ ያለ ጥይት ሁሉ ሥራው እስኪያልቅ ወደ ሌላ ክፍል ይወሰድ።

2. መዝጊያው በዝገት ተይዞ አልከፈት ያለ ጠመንጃ እንደ ጎረሰ ይቆጠራል። አይምቱት፣ አያሙቁት፣ ብሎኑንም አይንኩ። ባለበት ትተው በአቅራቢያዎ ላለው ፖሊስ ያመልክቱ። አያት ያጎረሱት ጥይት የልጅ ልጅ ሊገድል ይችላል።

3. ፈቃድዎን ያስተካክሉ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ለመያዝ ፈቃድ ይጠይቃል። ያባት ቅርስ መሆኑ ከሕጉ ነፃ አያወጣም።

4. ልጆችን ያርቁ። ሥራው በሚሠራበት ጠረጴዛ ዙሪያ ከሠሪውና ከአንድ ረዳት በቀር ሰው አይኑር።

ሲፈቱ ይህን ያድርጉ

5. የብሎኑን ራስ ያጽዱ። በስንጥቁ ውስጥ የተጋገረውን ዝገትና ቆሻሻ በመርፌ ወይም በተሰበረ የሴጌቶ ምላጭ እስከ ታች ድረስ ያውጡ። ካቻቢቴው ወለሉን ካልነካ ይንሸራተታል።

6. ካቻቢቴውን ለብሎኑ ልክ ያድርጉ። የድሮ ጠመንጃ ስንጥቅ ጠባብና ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው፤ የገበያ ካቻቢቴ ደግሞ ጫፉ ወደ ላይ እየሰፋ ስለሚሄድ ሲጠመዘዝ ወደ ላይ ይወጣና የብሎኑን ከንፈር ይበላዋል። አንድ ካቻቢቴ መድበው ጫፉን በሞረድ ይሞርዱ፤ ሁለት ጎኑ እኩል ውፍረት ይኑረው፣ ስንጥቁንም በርዝመትም በስፋትም ይሙላ። በሞተር ሞረድ ከሆነ ቶሎ ቶሎ ውኃ ውስጥ ይንከሩት፤ ብረቱ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬውን አጥቷል።

7. ዘይት ጠብ አድርገው ይጠብቁ። ዝገት ፈቺ ዘይት ከተገኘ መልካም፤ ካልተገኘ ላምባ ከጥቂት የካምቢዮ ዘይት ጋር ይቀላቅሉ። ጧትና ማታ አንድ ጠብታ ይበቃል። ለቀናት መቆየት ካስፈለገው ይቆይ። ሰደፉ ላይ የፈሰሰውን ወዲያው ይጥረጉ፤ ዘይት የጠጣ እንጨት ይለሰልሳል።

8. ቀለል አድርገው ይምቱ። ካቻቢቴውን ስንጥቁ ውስጥ ቀጥ አድርገው አቁመው በትንሽ መዶሻ ከላይ ደጋግመው መታ መታ ያድርጉ። ንዝረቱ ዝገቱን ይሰነጥቀዋል፤ ዘይቱም መንገድ ያገኛል። ከዚያ ወደ መፍቻው ከማዞርዎ በፊት በትንሹ ወደ ማጥበቂያው ይሞክሩ። ከተነቃነቀ ግማሹ ሥራ አልቋል።

9. በቋሚ ትራፓኖ ይታገዙ። ኤሌክትሪኩን ከሶኬት ይንቀሉ። የካቻቢቴውን ጫፍ ትራፓኖው ላይ ይሰሩ፤ ጠመንጃውን ከሥሩ በእንጨትና በጨርቅ አደላድለው ይሰሩት። አንዱ እጅ ክንዱን ወደ ታች ተጭኖ ይይዛል፣ ሌላው እጅ ማሰሪያውን በቀስታ ያዞራል። ጫፉ ከስንጥቁ መውጫ ስለሌለው፣ በእጅ ሦስት ሰው ያልቻለው ብሎን በዚህ መንገድ ይለቃል።

10. ሙቀት ካስፈለገ ብሎኑን ብቻ ያሙቁ። በመጀመሪያ ላምባውን ጠርገው ያድርቁ። ሬዲዮ ጠጋኞች የሚሠሩበትን የኤሌክትሪክ ካውያ በብሎኑ ራስ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያሳርፉ፤ ከዚያ ቀዝቅዞ ሲኮማተር ዘይት ይጨምሩና ይሞክሩ።

ይህን አያድርጉ

11. በፒንሳ ወይም በመሮ አይፍቱ። ፒንሳ የብሎኑን ራስ ይጨፈልቃል፤ መሮ ደግሞ በብረቱ ላይ የማይጠፋ ጠባሳ ይተዋል።

12. የጋዝ እሳት አያስጠጉ። የመዝጊያው አካባቢ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ በተለካ ሙቀት ነው። እሳት ሲነካው ይለሰልሳል፤ በቆርቆሮ የተበየደ ማነጣጠሪያም ቀልጦ ይወድቃል።

13. ራሱ የተበላውን ብሎን ቤት ውስጥ አይብሱ። መሐሉን የሳተ ትራፓኖ የጠመንጃውን ጥርስ ይበላል። የተሰበረ ብሎን ማውጫውም ብረቱ ደረቅ ስለሆነ ውስጥ ተሰብሮ ይቀርና ከብሎኑ የባሰ ችግር ይሆናል። ይህ ሥራ ፈቃድ ላለው የመሣሪያ ጠጋኝ ነው።

14. የትራክተር ብሎን አይግጠሙ። ሰናድር የእንግሊዝ፣ ረሚንግተን የአሜሪካ፣ ውጅግራ የፈረንሳይ ሥራ ነው፤ ጥርሳቸው ዛሬ በመለዋወጫ ሱቅ ከሚሸጠው ሜትሪክ ብሎን አይገናኝም። ሁለት ዙር ገብቶ ከጠበቀ በግድ አያስገቡት።

15. ቁጥሩንና ጽሑፉን በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉ። ጠመንጃው የት፣ መቼ እንደተሠራ የሚናገረው እሱ ነው። ቁጥር ማጥፋትም በሕግ ያስጠይቃል።

16. ከተፈታ በኋላ ለመተኮስ አይሞክሩ። የነዚህ መሣሪያዎች ብረት የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው። ጭስ የሌለው ባሩድ በፈረንሳይ የተገኘው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1884 ነው፤ የውጅግራ ሞዴል ደግሞ የ1874 ነው። ውስጡ በዝገት የተበላ መዝጊያ ፊትዎ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

17. ድንበር አያሻግሩ። ገዳሪፍ የሱዳን የማሽላና የሰሊጥ እርሻ ማዕከል ናት፤ ትራክተር በብዛት ባለበት ብሎን የሚቀርጽ ቶርኖ ሠሪም አይጠፋም። ያም ሆኖ ጠመንጃ ይዞ በገላባት ማለፍ በሁለቱም አገር የጦር መሣሪያ ዝውውር ተብሎ ያስከስሳል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሱዳን ጦርነት ላይ ናት፤ በዚህ መንገድ ሕፃናት የያዙ ስደተኞች ይመላለሳሉ። በኬላ ላይ የተገኘ አንድ ጠመንጃ በሁሉም ላይ ጥርጣሬ ያመጣል።

ብሎኑ ሲወጣ

18. ጥርሱን በላምባ አጥበው ያድርቁ፤ ቀዳዳውንም እንዲሁ። ቀጭን ቅባት ቀብተው መጀመሪያ በጣት ያስገቡት። እያንዳንዱ ብሎን ወደ ወጣበት ቀዳዳ ይመለስ፤ ስለዚህ የጠመንጃውን ሥዕል በካርቶን ላይ ነድፈው፣ በየቦታው ቀዳዳ በስተው የወጣውን ብሎን እዚያው ይሰኩት።

19. አሮጌውን ብሎን አይጣሉ። ቢበላሽም ለአዲሱ ናሙና ይሆናል። በትንሽ ከረጢት አስቀምጠው ስም ይጻፉበት።

20. ታሪኩን ይጻፉ። ጠመንጃው ከማን እጅ መጣ? በየትኛው ዘመቻ ተያዘ? ምን ስም አለው? አያት ወይም አጎት በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ይጠይቁና በወረቀት ያስፍሩ። ሊሸጡት ወይም ከአገር ሊያወጡት ካሰቡ አስቀድመው የወረዳውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያማክሩ፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ማውጣት ይከለክላል። ቤት ውስጥ የሚረከበው ሰው ከሌለ ለሙዚየም ማስረከብ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ብሎኑም ቁጥሩም ታሪኩም አብረው ይሂዱ።