ሚስት ታክማለች፤ ባልስ ለምን ይወጋል?

ለእርግዝና ክትትል ወደ ክሊኒካችን ስትመጡ ደም የሚወሰደው አንዱ ምክንያት ለቂጥኝ ምርመራ ነው። በሽታው ሲገኝ ሚስት መርፌዋን ትወጋለች። ባልን አስጠርተን «እርስዎም ይታከማሉ» ስንል ግን «እኔን ምን አመመኝና!» የሚለን ብዙ ነው።

የባክቴሪያ ሕዋስ እንደ ሰው ሕዋስ አይደለም፤ ዙሪያውን በግድግዳ የታጠረ ነው። የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ነገሩ አይከብደውም። ማገሩ ከቋሚው ጋር በሚስማር ወይም በልጥ ካልተያያዘ ቤቱ አይጸናም። የባክቴሪያው ግድግዳም ከረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች የተሠራ ሲሆን፣ ሰንሰለቶቹን በአጫጭር የፕሮቲን ቁራጮች እርስ በርስ የሚያያይዘው ሠራተኛ ትራንስፔፕቲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ፔኒሲሊን የእነዚህን ቁራጮች ጫፍ ይመስላል። ኢንዛይሙ ተሳስቶ ይይዘዋል፤ ከያዘው በኋላ መልቀቅ ያቅተውና ሥራው ይቆማል። ባክቴሪያው ማደጉን ሲቀጥል ግድግዳው ይሳሳል፤ በመጨረሻም ይፈነዳል። የእኛ ሕዋስ እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው በዚህ መንገድ አይጎዳም። (ከዚህ በፊት ፔኒሲሊን ወስዶ ሰውነቱ ያበጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ግን ከመወጋቱ በፊት ይንገረን።)

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ፔኒሲሊን የሚገድለው ግድግዳ በመሥራት ላይ ያለውን ባክቴሪያ ነው። የቂጥኝ ባክቴሪያ ደግሞ ዘገምተኛ ነው፤ አንዱ ሁለት ለመሆን ከአንድ ቀን በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ለብዙ ቀናት በደም ውስጥ መቆየት አለበት። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በመቀመጫ ላይ የሚወጋውም ከጡንቻው ቀስ እያለ ወደ ደም ስለሚገባ ነው። በሽታው የቅርብ ጊዜ ከሆነ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት አንድ ጊዜ ይበቃል፤ የቆየ ከሆነ ወይም የጀመረበት ጊዜ ካልታወቀ በየሳምንቱ ሦስት ጊዜ ይሰጣል። ከጎረቤት የተረፈ ካፕሱል ሁለት ቀን ውጦ «ታክሜያለሁ» ማለት ራስን ማታለል ነው።

ጨብጥ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ፔኒሲሊንን የሚሰብር ኢንዛይም ይዞ ስለተገኘ ዛሬ በሌላ መድኃኒት ይታከማል። ቂጥኝ ግን በፔኒሲሊን መታከም ከጀመረበት ከ1943 ወዲህ እስካሁን አልተላመደውም።

ወደ ባል እንመለስ። የቂጥኝ ቁስል ብዙ ጊዜ አያምም፤ ሳይታከምም ይደርቃል። ባክቴሪያው ግን በሰውነት ውስጥ ግድግዳውን እየሠራ ይኖራል። ሚስት የተወጋችው መድኃኒት ለእርሷ እንጂ ለባሏ አይሠራም፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ከደሟ ያልቃል። ያን ጊዜ ካልታከመ ባል ጋር ብትገናኝ እንደገና ይይዛታል፤ ፅንሱም ለውርጃ፣ ሞቶ ለመወለድ ወይም በሽታውን ይዞ ለመወለድ ይጋለጣል። አንዲት እናት ሁለት ጊዜ ከታከመች በኋላ በሦስተኛው ባሏን እጁን ይዛ አመጣችው። «ዛሬ እሱ ካልተወጋ እኔም አልወጋም» አለችን። ተወጋ።

ሁለታችሁም ከታከማችሁ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት፣ ቁስል ካለም እስኪድን ድረስ፣ ከግንኙነት ተቆጠቡ። በተወጋችሁበት ዕለት ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሊኖር ይችላል፤ ባክቴሪያዎቹ ሲሞቱ የሚመጣ ነውና በአንድ ቀን ያልፋል። እርጉዟ ግን ምጥ የሚመስል ሕመም ከተሰማት ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰባት ሳትውል ሳታድር ትምጣ።